ጭስ ለመቀነስ የሚያዋጣው መንገድ፦ ጅማና የቡና ከተሞቿ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ አየር ንብረት ነው። ይህን ስትሰሙ «እሱ የፋብሪካ አገሮች ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእሱው እንጀምር።

ከፋብሪካ፣ ከመኪና፣ ከሚቃጠል ደንና ከከብት ሆድ ሳይቀር የሚወጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድና መሰል ጋዞች የምድርን ሙቀት አምቀው ያስቀራሉ። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. ይፋ ያደረገችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንዳሰላው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አገሪቱ በሙሉ የለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ይህ ከዓለም ድምር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ችግሩን ያመጣነው እኛ አይደለንም።

ጉዳቱ ግን ደጃችን ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የአገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። ይህ ለሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለቡና ግን ከባድ ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር ፕላንትስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ተስፋም አለው። ደኑ ከተጠበቀ፣ ደን በሌለበት ከተተከለ፣ ቡናውም ወደ ከፍታው ቦታ ከተሸጋገረ፣ ለቡና የሚስማማው መሬት ከዛሬው አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል ይላል ጥናቱ። እንግዲህ ጉዳዩ የሌላ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም፤ የልጆቻችን የቡና ማሳ ጉዳይ ነው።

ታዲያ መንግሥት ምን ያድርግ? የዛሬው ዝግጅታችን መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወጪው ከአቅማችን የማይበልጥ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ፣ ጥቅሙም ለገበሬውና ለእናቶች ቶሎ የሚታይ ፖሊሲ ይምረጥ። እንዲህ ያለው ፖሊሲ ዕድሜ አለው። በአንድ ጊዜ ሁሉን ልለውጥ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ሕዝቡን አስቀይሞ ይቀራል። ማስረጃውን ሩቅ ሄደን አንፈልግም፤ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ አለ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

መጀመሪያ ጋዙ ከየት እንደሚወጣ እንወቅ። ምንጩን ያላወቀ በማያስፈልግ ቦታ ገንዘብ ይበትናል። ያው ስትራቴጂ እንደሚለው፣ ከ150 ሚሊዮን ቶኑ ግማሹ ከግብርና የመጣ ነው፤ አብዛኛው ከከብት እርባታ። 37 በመቶ የሚሆነው ደን ከመመንጠሩና ለማገዶ ከመመናመኑ የመጣ ነው። ኤሌክትሪክ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪና ሕንፃ ግን እያንዳንዳቸው ሦስት በመቶ ገደማ ብቻ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በአውሮፓ ስለ አየር ንብረት ፖሊሲ ሲወራ የሚነሣው የድንጋይ ከሰል ማመንጫና መኪና ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ ግን ከውኃና ከነፋስ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በሰኮሩ በኩል የምታልፉት የጊልገል ጊቤ ግድብ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ከሰል ሲያመነጭ ኖሯል፤ አቅሙም 184 ሜጋ ዋት ነው። ስለዚህ የእኛ ትልቁ ሥራ ያለው ደን ውስጥ፣ ማዕድ ቤት ውስጥና በረት ውስጥ ነው። ዛሬ ስለ ደኑና ስለ ማዕድ ቤቱ እናወራለን፤ ቡና የሚነካቸው እነሱ ናቸውና።

ወደ በለቴና ጌራ ደን እንሂድ። በሸቤ ሶምቦና በጌራ ወረዳዎች የተዘረጋው ይህ ደን የዱር ቡና ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ነው። ቀድሞ ደኑ የመንግሥት ነው፣ አትንኩ ይባል ነበር። ሰዉ ግን ከደኑ ውጭ መተዳደሪያ የለውም፤ ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ማገዶው ሁሉ ከዚያው ነው። ክልከላው ወረቀት ላይ ሲቀመጥ፣ መጥረቢያው ሥራውን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ግን የኦሮሚያ ክልል ከጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር ሆኖ ሌላ መንገድ ሞከረ። ነዋሪዎች በኦሮምኛ ስሙ ባጭሩ «ዋቡብ» የሚባል የደን አስተዳደር ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይገባል። አባላቱ በደኑ ውስጥ የሚበቅለውን ቡና በሕጋዊ መንገድ ይለቅማሉ፤ በምላሹ ደኑን አይመነጥሩም፣ ሌላ ሲመነጥርም ዝም አይሉም።

ውጤቱን ታካሃሺና ቶዶ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል አጠኑት። ያገኙት ነገር ለማንኛውም ፖሊሲ አውጪ ትምህርት ነው። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት ደኑ ማኅበር ከሌለበት ይበልጥ ተመናመነ! ለምን? ነገ ሊከለከል ነው ብሎ የሰጋው ሰው ዛሬ ስለሚቆርጥ ነው። ዓመት ሲያልፍና ቡናው የራሱ መሆኑን ሰዉ ሲያምን ግን ነገሩ ተገለበጠ። በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት በአማካይ ማኅበር ያለበት ደን በ1.5 በመቶ ሲጨምር፣ ማኅበር የሌለበት በ3.3 በመቶ ቀነሰ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ክልከላው ቀድሞ ጥቅሙ ከዘገየ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ ያጠፋል። መብቱ በእጁ ከገባ ግን ዘበኛ ሳይቀጠር ይጠብቃል። ውሉ የሚጠይቀው ስብሰባ፣ የወሰን ምልክትና ፊርማ ነው፤ ለመንግሥት ከዚህ የረከሰ ፖሊሲ ማግኘት ይከብዳል።

ሁለተኛው ደረጃ ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የዚህ ደን ቡና ደን ሳይጎዳ የተመረተ መሆኑን የሚያረጋግጥ የሬይንፎረስት አሊያንስ የምስክር ወረቀት አገኘ፤ ገበሬውም የተሻለ ዋጋ አየ። እነዚያው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. የ2005ንና የ2010ን ምስሎች ሲያስተያዩ፣ ምስክር ወረቀት ያለው የደን ቡና የመመንጠር ዕድሉ በ1.7 መቶኛ ነጥብ ቀንሶ አገኙት። ምስክር ወረቀት የሌለው የደን ቡና ግን ከተራው ደን የተለየ ጥበቃ አልታየበትም። ይህ ማለት ቡና በጥላ ሥር መብቀሉ ብቻ ደንን አያድንም፤ ደኑን ያዳነው ለዚያ ጥላ ዋጋ መከፈሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ለምስክር ወረቀቱ ምርመራ በየጊዜው ገንዘብ ይጠየቃል። ፕሮጀክት ሲኖር ፕሮጀክቱ ይከፍላል፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋስ? የመንግሥት መጠነኛ እገዛ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው። ማኅበራት ወጪውን ተጋርተው የሚከፍሉበትን መንገድ ማመቻቸት፣ የማሳ ካርታ በስልክ የሚያነሡ ወጣቶችን ማሠልጠን፣ ብድር ማቅረብ። ይህ አሁን የግድ እየሆነም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ያዝዛል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ሕጉ አልተሻረም። ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማሳየት የማይችል ሻጭ ገበያ ሊያጣ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ በጀት ሳያስፈልግ ደንብ ማሻሻል ብቻ ይበቃል። ቀድሞ አብዛኛው ቡና በምርት ገበያ በኩል ሲያልፍ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ የመጣበት ማሳ ስም ይጠፋ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅና አብሮት የመጣው ማሻሻያ፣ ቡና ምንጩ ታውቆ እንዲሸጥ በሩን ከፈተ። ምንጩ የታወቀ ቡና ነው ለደኑ ዋጋ ሊያስገኝ የሚችለው።

የካርቦን ክፍያም አለ። የዓለም ባንክ በሚያስተዳድረው ፈንድ በኩል እ.ኤ.አ. በ2023 በተፈረመ ውል፣ ኦሮሚያ ውስጥ ለሚቀነስ አራት ሚሊዮን ቶን እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል ነው። ስናካፍለው ለአንድ ቶን 10 ዶላር ነው። ሀብታም የሚያደርግ ገንዘብ አይደለም፤ የተሠራ ሥራ ማበረታቻ ነው። ለደን ማኅበራት ምን ያህሉ በምን ጊዜ እንደሚደርስ በየቀበሌው በግልጽ መነገር አለበት። እምነት የሚገነባው በዚህ ነው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። በገጠራችን እንጀራ በጉልቻ ሲጋገር አብዛኛው ሙቀት በየጎኑ ይባክናል፤ ጭሱ ዐይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይጎዳል። «ምርጥ» የሚባለው የምጣድ ምድጃ እሳቱን ከቦ ስለሚይዝ ማገዶ ይቆጥባል። በቤተ ሙከራ እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል ይባላል፤ በመንደር፣ በእናቶች እጅ ሲለካ ደግሞ ሩብ ገደማ ነው የተገኘው። ሩብም ቢሆን ትልቅ ነው። ከአራት ሸክም እንጨት አንዱ ቀረ ማለት ነው።

የአገሪቱ ስትራቴጂ እንዳሰላው፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ሊቀነስ ከታሰበው 250 ሚሊዮን ቶን ውስጥ 50 ሚሊዮን የሚጠጋው ከተሻሻሉ ምድጃዎች ሊገኝ ይችላል። አንድ አምስተኛው ነው! «ምርጥ» ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በሰፈር ውስጥ የሚሠራ ዕቃ ነው።

ምድጃው ግን በዘመቻ ታድሎ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ከሌለ፣ ሰዉ ወደ ጉልቻው ይመለሳል። ስለዚህ መንግሥት በነፃ ከማደል ይልቅ በየወረዳው ምድጃ የሚሠሩ ሴቶችንና ወጣቶችን ቢያሠለጥን፣ ቅርጹንና ጥራቱን ቢቆጣጠር፣ ገዢውም ከቡና ሽያጭ በኋላ የሚከፍልበትን ብድር ቢያመቻች ይሻላል። ሠሪው ገቢ ያገኛል፣ ገዢዋ ዕረፍት ታገኛለች፣ ደኑም ይተርፋል።

በጅማና በአጋሮ ከተማ ያላችሁት ደግሞ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ትችላላችሁ። ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሊጥ ተቦክቶ ተዘጋጅቶ መብራት ከጠፋ ከሰልና እንጨት ይፈለጋል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ፖሊሲ ከአዲስ ዐዋጅ ይልቅ ያረጀውን የስርጭት መስመርና ትራንስፎርመር መጠገን ነው። መብራት የማይጠፋበት ከተማ ከሰል የሚገዛው ያነሰ ነው።

ከማዕድ ቤት ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያው እንሻገር። እሸት ቡና በሚታጠብበት ወራት ከጣቢያዎቹ በታች ያሉ ወንዞች ውኃቸው ሲጠቁርና ሲሸት የማያውቅ የለም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ይፈለፈላል፤ የቀረው ገለፈትና ማጠቢያ ውኃ ነው። ገለፈቱ በጉድጓድ ታምቆ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ሙቀት ያምቃል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ገለፈቱን በጉድጓድ ከማመቅ በየጊዜው እያገላበጡ አየር እንዲያገኝ አድርጎ ኮምፖስት ማድረግ ሚቴኑን ይቀንሳል፤ ለቡናው ማሳም ማዳበሪያ ይሆናል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ የቡና ገለፈትን በትንሽ አየር አክስሎ አሲዳማ አፈር የሚያክም ባዮቻር ማድረግን አጥንተዋል። በጅማ አካባቢ ባሉ አንዳንድ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያ ገብቶ፣ ቆሻሻው ውኃ በቬቲቨር ሣር በተሸፈነ መሬት ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጓል። እነዚህን ለሁሉም ጣቢያ በአንድ ዓመት አስገድዶ ማድረግ ትንንሾቹን ያዘጋል። በሦስት በአራት ዓመት ጊዜ፣ ብድር አብሮት፣ ፈቃድ ሲታደስ ደረጃ በደረጃ ግዴታ ማድረግ ግን ይቻላል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል የአገራችን ሰው። ችኮላ በዓለም ላይ ምን እንዳደረገ ሁለት ምሳሌ ላንሣ። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ ላይ የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከለች፤ የሩዝና የሻይ ገበሬዎች ተጎዱ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ክልከላው ተነሣ። በፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የነዳጅ ግብር ሊጨመር ሲል ከከተማ ርቀው የሚኖሩና ያለ መኪና መኖር የማይችሉ ሰዎች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው መንገድ ዘጉ፤ ጭማሪው ተሰረዘ።

በሌላ ወገን የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2008 የካርቦን ግብር ስትጀምር በቶን 10 የካናዳ ዶላር ብቻ ነበር። በየዓመቱ አምስት እየጨመረች በ2012 ሠላሳ አደረሰችው፤ የሰበሰበችውንም ሌላ ግብር በመቀነስ ለሕዝቡ መለሰች። ያኔ ሕዝቡ ተቀበለው። ከዓመታት በኋላ ግን ግብሩ እስከ 80 ዶላር ወጣ፤ ፖለቲካው ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ለተራው ተጠቃሚ ተነሣ። ዝግ ያለውና ተመላሽ ያለው ቆየ፤ የከበደው ወደቀ።

የእኛስ? መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ድጎማው ለጊዜው እንዲቀጥል ማድረጉ ሐሳቡ ትክክል ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ ግን ድንገተኛ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ ያለው ጥቅም አይካድም። ሆኖም ቀደም ብለን እንዳየነው ትራንስፖርት በሙሉ የነበረው ድርሻ ሦስት በመቶ ገደማ ነው፤ ከጅማ ቡና ጭኖ የሚወጣው የጭነት መኪናም ገና በናፍጣ ነው። በአዲስ አበባና በጅማ መካከል ባሉ ከተሞች ባትሪ መሙያ መትከል ቀድሞ ቢመጣ፣ ክልከላው ብዙም ባላስፈለገ ነበር።

አሁን «መጠነኛ ፖሊሲ አይበቃም፤ ዓለም እየተቃጠለ ነው» ለሚል አድማጭ ልመልስ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባቀረበችው ዕቅድ በ2030 ልቀቷ ሊደርስ ይችል ከነበረው በ68.8 በመቶ እንደምትቀንስ ገልጻለች። ከዚህ ውስጥ በራሷ አቅም የምትሸፍነው 14 በመቶውን ነው፤ ቀሪው 54.8 በመቶ የሚሳካው የውጭ ድጋፍ ከመጣ ነው። ብዙ የበከሉት ሀብታም አገሮች ድርሻቸውን እንዲከፍሉ መጠየቅ መብታችን ነው። ገንዘቡ እስኪመጣ ግን በእጃችን ያለውን 14 በመቶ አጥብቀን መያዝ አለብን። እሱ የሚገኘው ደግሞ ሳይቋረጥ ከሚቀጥል ሥራ ነው፤ ገበሬው ጥቅሙን ያላየበት ሥራ አይቀጥልም።

አድማጮቻችን፣ ከመሰናበቴ በፊት አንድ አደራ አለኝ። በቀበሌ ስብሰባ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ፣ በደን ማኅበር ውይይት ላይ አዲስ ዕቅድ ሲቀርብ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ወጪውን ማን ይከፍላል? ሁለተኛ፣ ጥቅሙ ለማን፣ በስንት ጊዜ ይደርሳል? ሦስተኛ፣ ካልሠራ ማስተካከል ይቻላል? ለሦስቱም ቀጥተኛ መልስ ያለውን ዕቅድ ደግፉ። መልስ የሌለው ከሆነ ግን በመቃወም ብቻ አታብቁ፤ እንዲሻሻል አስመዝግቡ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ኃላፊዎችም ብትሆኑ ከመከልከላችሁ በፊት መብቱንና ዋጋውን ስጡ፤ በለቴና ጌራ ላይ ደኑን ያተረፈው እሱ ነውና።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)